ብራውዘር ሲዘመን የሚወገደው

የኢንተርኔት ተጠቃሚ በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ የባንክ ሒሳቡን ሲመለከት፣ ኢሜይሉን ሲከፍት ወይም ለአንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ሲልክ በብራውዘሩና በድረ ገጹ ሰርቨር መካከል የሚመላለሰው መረጃ በብዙ እጅ ያልፋል። የቤቱ ወይም የካፌው የዋይፋይ ራውተር፣ የቴሌኮም ድርጅቱ መሣሪያዎች፣ ከዚያም ወዲያ በአገሮች መካከል የተዘረጉት መስመሮች ሁሉ መረጃውን ተቀብለው የሚያሳልፉ ናቸውና፣ ምስጠራ ከሌለ ከእነዚህ በአንዱ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያልፈውን ሁሉ ማንበብ፣ ሲያሻውም መለወጥ ይችላል። ይህን ለመከላከል የተበጀው ቀድሞ ኤስኤስኤል፣ ዛሬ ቲኤልኤስ የሚባለው ፕሮቶኮል፣ ማለትም ሁለት ኮምፒውተሮች ምስጢራቸውን ጠብቀው የሚነጋገሩበት የደንብ ስብስብ ሲሆን፣ አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር ድረ ገጽ ሁሉ በእርሱ ይጠበቃል። ፕሮቶኮሉ ለተጠቃሚው የሚሰጠው ዋስትና ሦስት ነው፤ የሚተላለፈው መልእክት ከሁለቱ ወገኖች በቀር ለማንም እንዳይነበብ፣ በመንገድ ላይ እንዳይለወጥ፣ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰርቨርም ነኝ የሚለውን መሆኑ እንዲረጋገጥ።

ብራውዘርን ማዘመን ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው አዲስ ነገር እንደሚጨመር ነው፤ መልኩ ይለወጣል፣ አዳዲስ አገልግሎቶች ይገባሉ፣ ፍጥነቱ ይሻሻላል ተብሎ ይጠበቃል፤ ይህ ሁሉ ከሌለ ደግሞ ማዘመኑ ያለ ጥቅም ዳታ የበላ ይመስላል። በተመሰጠረ ግንኙነት ረገድ ግን ላለፉት ዓመታት የተሠራው ትልቁ ሥራ የመጨመር ሳይሆን የመቀነስ ሥራ ነበር። የብራውዘር ደህንነት የሚለካው በሚያውቀው እጅግ ጠንካራ ምስጠራ ሳይሆን አሁንም እሺ ብሎ በሚቀበለው እጅግ ደካማ ምስጠራ ነውና፣ በሥራ ላይ ያለ አሮጌ ብራውዘር ዋና ጉድለቱ ማወቅ ያለበትን አለማወቁ ሳይሆን ሊተወው የሚገባውን አለመተዉ ነው። የግቢው ዋና በር በብረት ቢሠራም የጓሮው አጥር በገመድ ከታሰረ ሌባው የሚመጣው በጓሮ በኩል ነው።

ነገሩን ለመረዳት ግንኙነቱ የሚጀመርበትን ቅጽበት ማየት ያስፈልጋል። ባለሙያዎች መጨባበጥ በሚሉት በዚህ ቅጽበት ብራውዘሩ የሚችላቸውን የፕሮቶኮል እትሞችና የምስጠራ ዘዴዎች ዘርዝሮ ለሰርቨሩ ይልካል፤ ሰርቨሩም ከዝርዝሩ የሚስማማውን መርጦ ከመለሰ በኋላ ማንነቱን የሚያስረዳ ዲጂታል ሰርተፊኬት ያቀርባል፤ ከዚያም ሁለቱ ለዚያ ግንኙነት ብቻ የሚያገለግል የጋራ ቁልፍ አበጅተው ቀሪውን ንግግር ሁሉ በእርሱ ይመሰጥራሉ። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ ቁልፉ ገና ስላልተበጀ የመጀመሪያዎቹ መልእክቶች ያለ ምስጠራ የሚሄዱ መሆናቸው ነው። በመካከል የቆመ አጥቂ በዚህች አጭር ጊዜ ዝርዝሩን ለውጦ ሁለቱ ወገኖች ከሚችሉት በታች እንዲስማሙ ማድረግ ከቻለ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምስጠራ ሁሉ በስም ብቻ ምስጠራ ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ጥቃት ደረጃ የማውረድ ጥቃት ይባላል።

ደካማው ምስጠራ መጀመሪያ ወደ ብራውዘር የገባው በስህተት አልነበረም፤ ታስቦበትና በሕግ ታዝዞ ነው። የኔትስኬፕ ኩባንያ ኤስኤስኤልን ለሕዝብ ባወጣበት በእ.ኤ.አ. 1995 የአሜሪካ መንግሥት ጠንካራ ምስጠራን እንደ ጦር መሣሪያ ስለሚቆጥረው ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ እንዳይላክ ይከለክል ነበር። ስለዚህም ኩባንያው ሁለት ዓይነት ብራውዘር አዘጋጀ፤ በአገር ውስጥ የሚሠራበት የ128 ቢት ቁልፍ ሲይዝ፣ ለቀረው ዓለም የተላከው ከ40 ቢት በላይ እንዳያልፍ ተደርጎ ተሠራ። ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚሆን እጅግ ትንሹ የመረጃ መለኪያ ሲሆን፣ አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር አጥቂው ሊሞክራቸው የሚገቡት ቁልፎች ቁጥር በእጥፍ ያድጋል። የ40 ቢት ቁልፍ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ለማየት ጊዜ አልወሰደም፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በፈረንሳዩ ኢንርያ የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ዳሚየን ዶሊጌዝ 120 ያህል ኮምፒውተሮችን አሠማርቶ በ8 ቀን ውስጥ አንዱን ቁልፍ ሰበረ። የምስጠራን ጥንካሬ ድንበር ለይቶ መወሰን የሚቻል የመሰለው ያ ፖሊሲ እስከ 2000 ድረስ ቀስ በቀስ ላላ። በሕጉ ምክንያት የገባው ደካማ ዘዴ ግን ከሕጉ ጋር አልወጣም፤ አንድ አሮጌ መሣሪያ ቢመጣ እንዳይቸገር ተብሎ በብዙ ሺህ ሰርቨሮችና በብራውዘሮች ኮድ ውስጥ ለ15 ዓመት ተቀምጦ ቆየ።

የዚህ ዋጋ የተከፈለው በማርች 2015 ነው። በፓሪስ የኢንርያ ተመራማሪዎች ከማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ፍሪክ ተብሎ የተሰየመውን ክፍተት ይፋ አደረጉ። ክፍተቱ የሚመለከተው አርኤስኤ የተባለውን የምስጠራ ዘዴ ሲሆን፣ የዚህ ዘዴ ጥንካሬ ሁለት ታላላቅ ብቸኛ ቁጥሮችን፣ ማለትም ከራሳቸውና ከ1 በቀር አካፋይ የሌላቸውን ቁጥሮች፣ ማባዛት ቀላል ሆኖ ሳለ ብዜቱን ወደ መነሻ ቁጥሮቹ መልሶ መበተን እጅግ አድካሚ በመሆኑ ላይ ይቆማል። በዚያ ሕግ ለውጭ አገር የተፈቀደው፣ የውጭ አገር ደረጃ የተባለው አርኤስኤ ቁልፉ 512 ቢት፣ በተለመደው አጻጻፍ 155 አኃዝ ያለው ቁጥር ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር በ1999 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበተን የብዙ ኮምፒውተሮችን የወራት ሥራ ጠይቆ ነበር፤ በ2015 ግን የምስጠራ ተመራማሪዋ ናዲያ ሄኒንገር ከአማዞን በተከራየቻቸው ኮምፒውተሮች በ7 ሰዓት ያህል፣ 100 ዶላር ገደማ በሆነ ወጪ እንደሚበተን አሳየች።

ጥቃቱ የሚሄድበት መንገድ ደረጃ በደረጃ ቢታይ ይበልጥ ይገለጣል። ብራውዘሩ ጠንካራውን አርኤስኤ እንደሚፈልግ ጽፎ የመጀመሪያውን መልእክት ይልካል፤ በመካከል ያለው አጥቂ መልእክቱን ይዞ የተጠየቀው የውጭ አገር ደረጃው እንደሆነ አድርጎ ይለውጠውና ወደ ሰርቨሩ ያሳልፈዋል። ሰርቨሩ አሮጌውን ዘዴ አሁንም የሚቀበል ከሆነ 512 ቢት የሆነ ጊዜያዊ ቁልፍ በራሱ ትክክለኛ ፊርማ አትሞ ይመልሳል። እዚህ ላይ ብራውዘሩ ‹‹ይህን አልጠየቅሁም›› ብሎ ግንኙነቱን ማቋረጥ ይገባው ነበር፤ ነገር ግን በአፕል ሳፋሪ፣ በአንድሮይድ ብራውዘርና በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ውስጥ የሚሠራው የምስጠራ ኮድ ያልጠየቀውን ደካማ ቁልፍ ሲሰጠው ሳይመረምር ተቀብሎ የግንኙነቱን ምስጢር በእርሱ መሰጠረ። ብዙ ሰርቨሮች ደግሞ ጊዜያዊውን ቁልፍ በተነሡ ጊዜ አንድ ጊዜ አበጅተው እስኪጠፉ ድረስ በዚያው ስለሚቀጥሉ፣ አጥቂው ቁልፉን አስቀድሞ በ7 ሰዓት በትኖ ከያዘ በኋላ የሚመጡትን ተጠቃሚዎች ሁሉ ምስጢር በቅጽበት መክፈት ይችላል። በመጨባበጡ መጨረሻ ሁለቱ ወገኖች የተነጋገሩት አንድ መሆኑን የሚያመሳክሩበት መልእክት ቢኖርም፣ የጋራው ቁልፍ በአጥቂው እጅ ስለገባ ያንን መልእክት ራሱ አስመስሎ ይጽፈዋል። በተጠቃሚው ስክሪን ላይ ግንኙነቱ የተጠበቀ መሆኑን የሚያመለክተው የቁልፍ ምልክት እንደተለመደው ይታያል፤ አንድም ማስጠንቀቂያ አይወጣም።

ይፋ በሆነበት ጊዜ ከኤችቲቲፒኤስ ሰርቨሮች ሲሶው ያህል ለዚህ ጥቃት የተጋለጡ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ለማሳያ ከወሰዷቸው አንዱ የአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ድረ ገጽ መሆኑ አለምክንያት አልነበረም፤ ሌሎች ደካማ ምስጠራ እንዲጠቀሙ የሚፈልገው መንግሥት በ1990ዎቹ የተከለው ጉድለት ዞሮ የራሱን ደጅ አግኝቶታልና። አፕል ማስተካከያውን በማርች 9፣ ማይክሮሶፍት በማግስቱ አወጡ። የተስተካከለው ኮድ የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብራውዘሩ ያልጠየቀውን ቁልፍ እምቢ እንዲል አደረገው።

ከፍሪክ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 14 ቀን 2014፣ የጉግል ባልደረቦች የሆኑት ቦዶ ሞለር፣ ታይ ዱዎንግና ክሽሽቶፍ ኮቶቪች ያሳዩት ፑድል የተባለው ጥቃት ደግሞ የሌላ ዓይነት ነው፤ እርሱ የኮድ ስህተትን ሳይሆን የፕሮቶኮሉን የራሱን አሠራር ይጠቀማል። ኤስኤስኤል 3.0 የወጣው በ1996 ሲሆን በ1999 ቲኤልኤስ 1.0 ተተክቶበታል። ሆኖም አንዳንድ ሰርቨሮች አዲሱን እትም ሲሰሙ ግራ ተጋብተው ግንኙነቱን ስለሚያቋርጡ፣ የብራውዘር ሠሪዎች ሙከራው ካልተሳካ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ እንደገና መሞከርን፣ እንደዚያም ካልሆነ ሌላ ደረጃ መውረድን ልማድ አደረጉት። ተጠቃሚውን ላለማስቸገር ታስቦ የተደረገው ይህ ቸርነት ለአጥቂው ሥራውን አቀለለለት፤ ሁለት ሦስት ሙከራዎችን ማቋረጥ ብቻ ዘመናዊውን ብራውዘር ወደ 18 ዓመት አሮጌ ፕሮቶኮል ያወርደዋል።

በኤስኤስኤል 3.0 መልእክቱ በእኩል ቁራጭ እየተከፈለ ሲመሰጠር የመጨረሻው ቁራጭ ካልሞላ በትርፍ ባይቶች ይሞላል፤ ባይት ማለት የ8 ቢት ስብስብ ነው። ተቀባዩ የሚመረምረው የትርፉን ልክ የሚናገረውን የመጨረሻውን ባይት ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት ምን እንደሆኑ አይጠይቅም፤ መልእክቱ አለመለወጡን የሚያረጋግጠው ማኅተምም እነርሱን አይሸፍንም። አጥቂው ተጠቃሚው በከፈተው ሌላ ያልተመሰጠረ ገጽ ውስጥ ትንሽ ፕሮግራም ጨምሮ ብራውዘሩ ወደ ባንኩ ወይም ወደ ኢሜይሉ ተደጋጋሚ ጥያቄ እንዲልክ ያደርገዋል፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ ውስጥ ኩኪ የሚባለው፣ ድረ ገጹ አንዴ የገባን ተጠቃሚ መልሶ የሚያውቅበት የምስጢር ምልክት አለ። አጥቂው ከኩኪው አንድ ፊደል ያለበትን ቁራጭ ገልብጦ በትርፉ ቦታ ያስቀምጠዋል። ከ256 ሙከራ በአማካይ በአንዱ ሰርቨሩ ምንም ሳይጠረጥር ይቀበለውና በመቀበሉ ብቻ ያ ፊደል ምን እንደሆነ ይገልጣል። እንዲህ ፊደል በፊደል እየተለቀመ ሙሉው ኩኪ ሲገኝ፣ አጥቂው የይለፍ ቃል ሳያስፈልገው በተጠቃሚው ስም ይገባል። ሒደቱ አንዱንም ቁልፍ አልሰበረም፤ ሰርቨሩ እሺና እምቢ ማለቱን ብቻ አዳመጠ።

ይህን በጥገና ማዳን ስለማይቻል መፍትሔው ፕሮቶኮሉን ማስወገድ ሆነ። ፋየርፎክስ በዲሴምበር 2014 በወጣው 34ኛ እትሙ፣ ክሮም ደግሞ በ39ኛው ወደ ታች መውረዱን አስቁሞ በ40ኛው ኤስኤስኤል 3.0ን ከነጭራሹ ዘጉት፤ የኢንተርኔትን ደረጃዎች የሚያወጣው አካልም በጁን 2015 ፕሮቶኮሉ ከእንግዲህ ፈጽሞ እንዳይሠራበት ደነገገ። በሜይ 2015 የተገለጠው ሎግጃም የተባለው ክፍተትም እንዲሁ የውጭ አገር ደረጃው ቅሪት ነበር፤ ብዙ ሰርቨሮች ለቁልፍ ልውውጥ አንድ ዓይነት የ512 ቢት ብቸኛ ቁጥር ይጋሩ ስለነበር፣ በአንዱ ቁጥር ላይ አንድ ሳምንት የደከመ ሰው ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ግንኙነት በአንድ ደቂቃ ያህል ይከፍት ነበር፤ ብራውዘሮቹም አጭር ቁጥር ያቀረበላቸውን ሰርቨር እንዲያሰናብቱ ተደርገው ተስተካከሉ።

የማዘመን መዘግየት ለምን አደገኛ እንደሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ግን በፌብሩዋሪ 2014 በአፕል ኮድ ውስጥ የተገኘው ስህተት ነው። የሰርቨሩን ፊርማ የሚመረምረው ክፍል ተከታታይ ፍተሻዎች ሲኖሩት፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ‹‹ስህተት ከተገኘ ወደ መውደቂያው ሂድ›› የሚል ትእዛዝ ተጽፏል፤ ከእነዚህ በአንዱ ቦታ ‹‹ወደ መውደቂያው ሂድ›› የምትለው መሥመር ሳይታወቅ ሁለት ጊዜ ተጻፈች። ሁለተኛዋ ‹‹ስህተት ከተገኘ›› የሚለው ቅድመ ሁኔታ ስለማይመለከታት ሁልጊዜ ትፈጸማለች፤ በመሆኑም ኮዱ የመጨረሻውንና ዋናውን የፊርማ ምርመራ ሳያደርግ ይዘልላል፤ እስከዚያ ድረስ የተመዘገበ ስህተት ስለሌለም ውጤቱ ‹‹ትክክል ነው›› ሆኖ ይመለሳል። በአንዲት የተደገመች መሥመር ምክንያት በአይፎንና በማክ ኮምፒውተር ላይ በመካከል የቆመ ማንኛውም ሰው ራሱን የፈለገውን ድረ ገጽ አድርጎ ማቅረብ ይችል ነበር።

አፕል የአይፎኑን ማስተካከያ በፌብሩዋሪ 21 ሲያወጣ የማኩ ገና አልደረሰም ነበርና፣ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች የአሮጌውንና የአዲሱን ኮድ ልዩነት አይተው ስህተቱ የት እንዳለ በአንድ ቀን ደረሱበት። ማስተካከያው ለማክ የወጣው በ25 ነው። በእነዚያ አራት ቀናት ክፍተቱን መላው ዓለም ያውቀዋል፤ የማክ ባለቤቶች ግን የሚጭኑት ነገር አልነበራቸውም። ብዙ ሰው ማስተካከያ መውጣቱ አደጋው ማለፉን የሚያበስር ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን ማስተካከያው በወጣበት ቀን ክፍተቱ ከምንጊዜውም ይበልጥ የታወቀ ይሆናል። ከዚያ በፊት ጥቂት ሰዎች ብቻ፣ ምናልባትም ማንም፣ ያላወቀው ነገር ከዚያ በኋላ ኮዶቹን ለሚያወዳድር ሁሉ የተገለጠ ነው። ያላዘመነ ተጠቃሚ ስለዚህ በቀድሞ ቦታው ቆሞ የቀረ ሳይሆን ከነበረበት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። የክሮም ምንጭ ኮድ ለሁሉ ክፍት በመሆኑ ማስተካከያው ለተጠቃሚ ሳይደርስ በኮዱ ውስጥ ስለሚታይ፣ ጉግል ይህን የመካከል ጊዜ ለማሳጠር ከኦገስት 2023 ጀምሮ ከ116ኛው እትም ወዲህ የደህንነት ማስተካከያዎችን በየሳምንቱ ማውጣት ጀምሯል። በየሳምንቱ ‹‹አዘምን›› የሚለው ጥያቄ የሚያሰለቸው ሰው የመደጋገሙ ምክንያት ይህ መሆኑን ቢያውቅ ስሜቱ ሌላ በሆነ ነበር።

ብራውዘሩ የሚያምነው በሒሳብ ብቻ አይደለም፤ በድርጅቶችም ነው። የድረ ገጾችን ማንነት የሚያረጋግጡት ሰርተፊኬቶች የሚሰጡት ብራውዘሩ ወይም የስልኩ ሥርዓት አምኖ በዝርዝሩ በያዛቸው ድርጅቶች ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ ጉዳቱ በአንድ አገር አይወሰንም። በ2011 ዲጂኖታር የተባለው የኔዘርላንድስ ሰርተፊኬት ሰጪ በሰርጎ ገቦች ተደፍሮ ከ500 በላይ ሐሰተኛ ሰርተፊኬቶች በስሙ ወጡ፤ ከእነርሱ በአንዱ፣ ጉግል ነኝ በሚለው፣ በኢራን 300,000 ያህል የኢንተርኔት አድራሻዎች ላይ ያሉ ተጠቃሚዎች ግንኙነት ተጠለፈ። የተጠለፉት ሰዎች ኢሜይላቸውን የሚያነብባቸው ማን እንደሆነ ለመገመት አስቸጋሪ አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የምስጠራ ጉድለት የሰው ነፃነትና ሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ነገሩ የተገለጠው በኦገስት መጨረሻ አንድ የኢራን ተጠቃሚ ክሮም ማስጠንቀቂያ እንዳወጣበት ሲያመለክት ነበር። ክሮም በዚያው ዓመት በተጨመረለት ጥበቃ የጉግልን እውነተኛ ቁልፎች በውስጡ መዝግቦ ስለያዘ ሐሰተኛውን ለይቶ አወቀ፤ ይህ የሌላቸው ብራውዘሮች ግን የቁልፉን ምልክት እያሳዩ ዝም አሉ። በቀናት ውስጥ ብራውዘር ሠሪዎቹ ዲጂኖታርን ከእምነት ዝርዝራቸው የሚሰርዝ ማስተካከያ አሠራጩ፤ ድርጅቱም በሴፕቴምበር ከሠረ። ያላዘመነ ብራውዘር ግን የከሠረውን ድርጅት ማመኑን ቀጠለ።

ማስወገድ ያለ ሕመም አይሆንም፤ ይህንንም አለመሸሸግ ተገቢ ነው። ሞዚላ በማርች 2020 በወጣው 74ኛው ፋየርፎክስ ያረጁትን ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 ዘግቶ ሳለ፣ ኮሮና በተስፋፋባቸው በእነዚያ ሳምንታት ስለ በሽታው የሚያሳውቁ አንዳንድ የመንግሥት ድረ ገጾች ገና በአሮጌው ፕሮቶኮል የሚሠሩ መሆናቸው ስለታወቀ ውሳኔውን ለጊዜው ሽሮ ለጁን መጨረሻ፣ ለ78ኛው እትም፣ አቆየው። ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነበር፤ የታመመ ሰው መረጃ ማጣቱ በዚያ ሰዓት ከባድ ነውና። ሆኖም ሸክሙ ያለበት ቦታ ግልጽ ነው፤ ብራውዘር ሲዘመን የማይከፈት የሚሆን ድረ ገጽ ጉድለቱ የራሱ ነው፣ መታደስም የሚገባው እርሱ ነው። ደንበኞቹን ‹‹አሮጌውን ብራውዘር ተጠቀሙ›› ወይም ‹‹ማስጠንቀቂያውን እለፉት›› ብሎ የሚመክር መሥሪያ ቤት የራሱን የቤት ሥራ ዋጋ በሌላው ደህንነት እየከፈለ ነው። በሌላ በኩል ተጠቃሚው በማዘመን የማይደርስበት ክፍተትም አለ፤ በኤፕሪል 2014 የተገለጠው ሀርትብሊድ በአብዛኛው በሰርቨሮች ላይ ያለ የኮድ ስህተት ስለነበረ በዚያ ሊያስተካክለው የሚችለው የሰርቨሩ ባለቤት ብቻ ነበር።

በኢትዮጵያ የዚህ ጉዳይ ክብደት የሚታየው ከሁሉ በላይ በስልክ ላይ ነው። ብዙ ሰው ኢንተርኔትን የሚያውቀው በአንድሮይድ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ፓኬጅ ሲሆን፣ ቴሌብር በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህና ባንኮችም የሞባይል አገልግሎታቸውን ካስፋፉ በኋላ የተጠቃሚው ገንዘብ በዚያው ስልክ ውስጥ ያልፋል። በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ዘመዶች የሚልኩት ገንዘብም እንዲሁ ከላኪውና ከተቀባዩ ስልክ ቢያንስ በአንዱ ማለፉ አይቀርም። ፕሌይ ስቶር አፕሊኬሽኖችን በዋይፋይ ብቻ እንዲያዘምን ተደርጎ የተስተካከለ ስልክ ባለቤቱ ከሞባይል ዳታ ውጭ ሌላ ከሌለው ለወራት ሳይዘመን ይቀመጣል፤ ይህ የባለቤቱ ስንፍና ሳይሆን የዳታ ዋጋ ጉዳይ ነው። አፕሊኬሽን በዜንደር የፋይል ማጋሪያ ወይም በብሉቱዝ ከሰው ስልክ መቀበልም የተለመደ ነው፤ እንዲህ የተገኘ ብራውዘር የሰጪው ስልክ በነበረው እትም ይመጣል፣ ከየት እንደተነሣና በመንገድ ላይ ምን እንደተጨመረበትም ተቀባዩ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ፓኬጅ ሲገዛ ከሚጫኑት ሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ብቻ ማዘመን፣ ብራውዘሩንና አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው የተባለውን፣ ብዙ ያተርፋል። ዌብቪው ሌሎች አፕሊኬሽኖች በውስጣቸው ድረ ገጽ ለማሳየት የሚጠቀሙበት ክፍል ስለሆነ፣ ባለቤቱ ብራውዘር ሳይከፍት እንኳ ሳያውቀው በሥራ ላይ ነው።

የስልኩ ዕድሜም የራሱ ወሰን አለው። በዓለም እጅግ ብዙ ድረ ገጾች በነፃ የሚገለገሉበት ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ሰርተፊኬት ሰጪ የቆመበት አሮጌ የእምነት ሥር፣ ማለትም የሌሎቹ ሰርተፊኬቶች እምነት የሚመነጭበት ዋና ሰርተፊኬት፣ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ጊዜው ሲያበቃ፣ አዲሱን ሥር የማያውቁ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮችና መሣሪያዎች ትክክለኛ ድረ ገጾችን እንደ ሐሰተኛ ቆጠሩ፤ ከ7.1.1 በታች ያሉ አንድሮይድ ስልኮች ለተጨማሪ ሦስት ዓመት የቆዩት በልዩ ዝግጅት ነው። ክሮምም ለአንድሮይድ 7 ማስተካከያ መስጠቱን ከ119ኛው እትም በኋላ አቁሟል። ስልክ መቀየር ለማይችል ሰው የሚቀርበው ምክር እንዲህ ባለው ስልክ ላይ የገንዘብ ሥራ አለመሥራት፣ ለሌላው ሥራ ደግሞ የእምነት ዝርዝሩን ከስልኩ ሳይሆን ከራሱ ጋር ይዞ የሚመጣውን ፋየርፎክስን፣ ስልኩ እስከተቀበለው ድረስ፣ መጠቀም ነው። አይፎን ላይ ብራውዘሮቹ በአብዛኛው የሚሠሩት በአፕል በራሱ ሞተር ስለሆነ የስልኩን ሥርዓት ማዘመን ብራውዘሩን እንደ ማዘመን ይቆጠራል።

በኮምፒውተር ላይ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ክሮምና ፋየርፎክስ አዲሱን እትም ራሳቸው ያወርዳሉ፤ ነገር ግን ብራውዘሩ ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ የሚሠራው አሮጌው ነው። ጠዋት የተከፈተ ብራውዘር ለሳምንታት ሳይዘጋ በሚቆይባቸው መሥሪያ ቤቶች ማስተካከያው በዲስኩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሠራተኛው በተጋለጠው እትም ሲሠራ ይውላል። በአንጻሩ አንድ ድረ ገጽ በድንገት ‹‹ብራውዘርህ አርጅቷል፣ እዚህ ተጫን›› የሚል መስኮት ቢያወጣ መንካት አይገባም፤ አጥቂዎች የማዘመንን ልማድ ራሱን ለማጥመጃ ያውሉታልና፣ ትክክለኛው ማስተካከያ የሚገኘው በብራውዘሩ በራሱ ማውጫ፣ በመሣሪያው ሥርዓት ማዘመኛ ወይም በፕሌይ ስቶርና በአፕ ስቶር ነው።

እነዚህ ሁሉ ክፍተቶች ያስተማሩት ተሰብስቦ በኦገስት 2018 ቲኤልኤስ 1.3 ወጣ። በዚህ እትም ፍሪክ የተጠቀመበት የአርኤስኤ የቁልፍ ልውውጥ፣ ፑድል የተጠቀመበት የቁራጭ አመሳጠርና የውጭ አገር ደረጃው ቅሪት ሁሉ ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ የሰርቨሩ ፊርማም ከመጀመሪያው መልእክት አንሥቶ የተነጋገሩትን ሁሉ ስለሚሸፍን ዝርዝሩን በመንገድ ላይ የለወጠ አጥቂ ወዲያው ይታወቃል። አዲሱን የሚችል ሰርቨር ወደ ቀድሞው እትም ለመውረድ ከተገደደ በሚልከው የዘፈቀደ ቁጥር መጨረሻ 8 ባይቶች ላይ ደረጃ መውረዱን የሚናገር የታወቀ ምልክት ያኖራል፤ ብራውዘሩ ራሱ አዲሱን አቅርቦ ሳለ ይህን ምልክት ካየ መካከል ላይ ሰው እንዳለ አውቆ ግንኙነቱን ያቋርጣል። ምልክቱን የሚያነበው ግን ትርጉሙን የሚያውቅ ብራውዘር ብቻ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ብራውዘሮች የሚጨምሩት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እርሱም ወደፊት ሊሠሩ የሚችሉ ኳንተም ኮምፒውተሮች የዛሬውን የቁልፍ ልውውጥ ይሰብሩታል ከሚል ሥጋት የመጣ ነው። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ይህን የሚቋቋም ኤምኤል-ኬም የተባለ ዘዴ በኦገስት 2024 ደረጃ አድርጎ አጸደቀ፤ ክሮም በኤፕሪል 2024 በ124ኛው እትሙ የዚህን ዘዴ ቀዳሚ ቅርጽ ለኮምፒውተሮች ከከፈተ በኋላ በኖቬምበር በ131ኛው ወደ ጸደቀው ተሻገረ። አዲሱ ዘዴ የመጀመሪያውን መልእክት ስለሚያስረዝመው፣ መልእክቱ ሁል ጊዜ በአንድ ጥቅል ይመጣል ብለው የተሠሩ አንዳንድ ሰርቨሮችና የመካከል መሣሪያዎች ተሰናክለዋል፤ የመሣሪያዎቹ ባለቤቶችም እንደ በፊቱ ማደስ ይኖርባቸዋል። ክፉ ዓላማ ያለው ወገን ዛሬ የማይከፍተውን የተመሰጠረ ንግግር ቀድቶ አስቀምጦ መክፈቻው እስኪገኝ መጠበቅ ይችላልና፣ በዚህ ዓመት በአሮጌ ብራውዘር የተላከ የሕክምና መረጃ ወይም የግል ደብዳቤ ከተቀዳ በኋላ ላኪው ነገ ቢያዘምን ሊመልሰው አይችልም።